ኤርሚኒያ የመጣችበት ቀን

የእህቷን የኤርሚኒያን ሬሳ ያጠበችው ኤውላሊያ ናት። የሟቿ ማጅራት ስር አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቶ እጅ ሲያርፍበት ይረግብ ነበር፤ ክንዷ ላይ የሰው ጣት ምልክት በልዟል። ባልየው ካሲሚሮ ግን ሳሎን ውስጥ ደረቱን እየደቃ፣ ልቧ ነው፣ በተኛችበት ጭጭ ብላ አደረች እያለ ለቀስተኛውን ያስለቅስ ነበር። መንደሩም አመነው። አመነው ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ማመኑ ስለሚቀል አመነው። ወፍጮ ቤቱ የካሲሚሮ ነው። በዚያ መንደር በቆሎዋን ሳታስፈጭ የምትውል ሴት የለችም፣ ከሱ ጋር ዓይንና ናጫ ሆና ልጆቿን ጦም ማሳደር የምትፈልግም የለችም።

ሬሳው ሲታጠብ ውሃ ያቀበለቻት ጎረቤቷ እማማ ፕራክሴዲስ ነበረች። ኤውላሊያ በሳልስቱ ሄዳ ያዩትን ይናገሩልኝ ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። አሮጊቷ መቀነቷን እያጠበቀች፣ ዓይኔ ደክሟል ልጄ፣ ምን አይቼ ብለሽ ነው አለቻት። ኤውላሊያ ከዚያ ወዲህ ማንንም አልለመነችም። ለገበያ የምታበቅለውን ቢጫውን የሙታን አበባ ዘራች፣ አረመች፣ ጥርሷን ነክሳ ኦክቶበርን ጠበቀች።

በነሱ አገር ሙታን በዓመት አንዴ ወደ ቤታቸው ይመጣሉ፤ ግን ሁሉም በአንድ ቀን አይመጡም። በሕመምና በእርጅና አልጋው ላይ የሞተ፣ ኖቬምበር አንድ ቀን ይመጣል። ገደል፣ ውሃ፣ ጩቤ ወይም ጥይት የበላው ግን ቀድሞ፣ ኦክቶበር ሃያ ስምንት ላይ ይመጣል። ቤተ ዘመዱ ከመንገድ አንስቶ ፎቶውና ምግቡ እስከሚደረደርበት የቤቱ መሠዊያ ድረስ ቢጫውን አበባ ይነሰንስለታል፣ ነፍስ በሩ እንዳይጠፋት። በዚያ ቀን በር አይዘጋም። ሻማ ይዞ የገባ ሁሉ ማንም ይሁን ማን ይቀመጣል፣ ይበላል። የመጀመሪያው ዓመት ቀን ደግሞ አንዴ ከተያዘ አይለወጥም፤ ሟቹ ከዚያ በኋላ እስከ ዘላለም የሚመጣው በዚያው ቀን ነው።

ኤውላሊያን ያንገበገባት ይሄ ነው። ካሲሚሮ ለኖቬምበር አንድ እየተሰናዳ ነበር። ጣሪያ የሚነካ ነጭ የሐር መሠዊያ አሠርቷል፣ የመለከት ነፊዎች ባንድ ከከተማ አስጠርቷል። ዓይኑን በጨው አጥቦ ለመሠዊያው የሚሆነውን አበባ እንኳ እሷው ዘንድ ልኮ አዘዘ። ያ ቀን ከጸና ኤርሚኒያ በቃ አልጋዋ ላይ የሞተች ሴት ሆና ትቀራለች። ኤውላሊያ ለተላከው ሰው፣ አበባው ባለቤት አለው ብላ መለሰችው።

በሃያ ስምንት ረፋድ ላይ የተቀነጠሰ አበባ የሞላበት ጆንያ ተሸክማ ወጣች። ሰው ሁሉ መነስነስ የሚጀምረው ከገዛ ደጁ ፊት ለፊት ካለው መንገድ ነው። እሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ከካሲሚሮ ወፍጮ ቤት በር ጀመረች። ሴቶቹ በቆሎ የሞላ ባልዲያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ጎንበስ ብላ በእግራቸው መሀል ነሰነሰች።

«ለማን ነው?» አለች አንዷ፣ እያወቀችው።

«ለእህቴ።»

«በዛሬው ቀን?»

«በዛሬው ቀን።»

ኤውላሊያ አደባባዩን አቋርጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ታክካ፣ ቢጫውን መንገድ እስከ ቤቷ መሠዊያ አደረሰችው። የእህቷን ፎቶ አስቀመጠች፣ ዳቦውን ደረደረች፣ ሞሌ የሚሉትን ጥቁር የበርበሬ ወጥ ከነዶሮው እሳት ላይ ጣደች። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ተቀመጠች።

ማንም አልመጣም። ሰው በደጇ ሲያልፍ እግሩን ያፈጥናል፤ አበባውን ላለመርገጥ ይዘላል እንጂ ቀና ብሎ አያይም። እንግዳ ያልገባበት መሠዊያ መንደሩ ያልተቀበለው ቀን ነው፤ ኤውላሊያ እህቷን ራሷ ለሁለተኛ ጊዜ የገደለቻት መሰላት። ይህን ስታስብ እማማ ፕራክሴዲስ ምርኩዟን እያንኳኳች ገባች። ሻማዋን ከፎቶው ስር አበራች፣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፣ ሞሌዋን መብላት ጀመረች። አሮጊቷ ስትገባ ያዩ ሴቶች ተከትለው ገቡ፣ ከነሱ ኋላ ባሎቻቸው። ግማሹ የመጣው ለኤርሚኒያ ሳይሆን ለወሬ ነው። ኤውላሊያ ግድ አልነበራትም፤ ሁሉንም አበላች።

ቤቱ ሲሞላ ካሲሚሮ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከሁሉም የሚበልጥ ወፍራም ሻማ ይዞ። ሻማ ይዟልና መመለስ አይቻልም። የምትንተከተከውን ድስት ፊቱ ላይ ብትገለብጥበት በወደደች ነበር። ሳህን ሞላችለትና እጁ ላይ አኖረችው።

«ዋርሳዬ፣» አለ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን አለስልሶ፣ «ሐዘኑ ጎድቶሻል። ማንም አይፈርድብሽም። ግን የሷ ቀን ዛሬ አይደለም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ አንተ ንገራቸው።»

ካሲሚሮ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ወደ እንግዶቹ ዞር ሲል ግን እማማ ፕራክሴዲስን አየ። ሬሳው ሲታጠብ ውሃ ያቀበለችው አሮጊት፣ እዚህ፣ በዚህ ቀን። ሁሉን ነገር ዘክዝካለች ብሎ ደመደመ። ምስኪኗ ደግሞ ከገባች ጀምሮ አፏን ከሞሌው ሌላ ለምንም አልከፈተችም። እሱ ግን ደነገጠ፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ያገኘውን ይጨብጣል።

«እሺ፣» አለ፣ «እንግዲህ ካወቃችሁት ልደብቃችሁ አልችልም። ዛሬ የሚመጣው የተገደለ ብቻ አይደለም፣ የወደቀም ይመጣል። ከደረጃው ወድቃ ነው። ሰው ክፉ እንዳያስብ ብዬ ነው ልቧ ነው ያልኩት።»

የሚያኝክ ሰው አልነበረም። አብዛኞቹ ምንም የሚያውቁት ነገር አልነበራቸውም፤ አሁን ከራሱ አፍ ሰሙ።

«የሬሳ ሳጥኗ ላይ እጅህን ጭነህ ነው በተኛችበት ሞተች ያልከው፣» አለች ኤውላሊያ።

ያኔ እማማ ፕራክሴዲስ ሳህኗን መሬት አስቀመጠች። «የወደቀ ሰው ክንዱ ላይ የጣት ምልክት አይኖረውም፣» አለች። «ውሃውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አይቻለሁ። ስለ ወፍጮው ብዬ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ካሲሚሮ ሳህኑን የሚቀበለው ሰው ፈለገ፣ የሚቀበለው አልነበረም። መስኮቱ ላይ አስቀምጦት ወጣ። ቢጫውን መንገድ እየረገጠ ሄደ፣ ሁሉም በሩ ላይ ቆመው አዩት።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ አልነበረም። ሴቶቹ የአያቶቻቸውን ድንጋይ ከየጓሮው አውጥተው በእጃቸው ፈጩ። ጉልበታቸው ተላጠ፣ እያማረሩ ፈጩ። ኤውላሊያ አልጋዋ ላይ ሆና የድንጋዩን ድምፅ ስትሰማ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ጣፈጣት።

ኖቬምበር አንድ ቀን የካሲሚሮ ነጭ መሠዊያ እንደ ሙሽራ ተሸልሞ ቆሟል። መለከት ነፊዎቹ ባዶ ግቢ ውስጥ ነፉ፣ ነፉ፣ ሰለቻቸውና መለከታቸውን ሰብስበው ሄዱ። ሠራተኞቹም አልመጡም። እኩለ ቀን ላይ ኤውላሊያ ጥቁር ነጠላዋን ደርባ፣ ሻማ ይዛ ከበሩ ገባች። እሱም ሻማ የያዘን አይመልስም።

ካሲሚሮ ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ዋርሳዬ። ነይ፣ ከፎቶዋ ስር አኑሪው።»

«ለሷ አይደለም፣» አለች። «እሷ እኔ ጋ መጥታ፣ በልታ ሄዳለች። ይሄ ያንተ ነው።»

ሻማውን ከመሠዊያው ፊት፣ ባዶው ወለል ላይ ተከለችና ለኮሰችው። በሕይወት ላለ ሰው የሙት ሻማ ሲበራ ያየ የለም፣ ካሲሚሮም ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሊያጠፋው እጁን መዘርጋትም ፈራ። ኤውላሊያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እንግዳ ነኝ፣» አለችው። «አብላኝ።»

ሌላ ሰው ስላልነበረ ራሱ ቀዳላት። ሲቀዳም መረቁ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሷ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ፣ አጥንቱን እየጋጠች እስከ መጨረሻው በላች፣ ከዚያም ሳህኗን ዘርግታ ድገመኝ አለችው።