ለሁሉም ተነግሯል

ዘመዶቿ «ጣቢያዋ» ይሏታል። ማን ወለደ፣ ማን ቤት ቀየረ፣ ማን ከማን ጋር ተኳረፈ፤ ወሬው ሁሉ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይደርስና ከዚያ ወደየቤቱ ይሰራጫል። የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ዕድሜዋን በሙሉ የሰው አፍንጫ ላይ ፍሬም ስትሞክር የኖረች ሴት ናትና፣ አንድ ሰው ስልኩን እንዴት እንደያዘ አይታ ዕድሜውንም አመሉንም ትናገራለች።

«እስቲ ስልክህን አውጣና አንብብልኝ» ትላለች፣ የማንበቢያ መነጽር የሚገዛውን ሁሉ። ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ግን የምታምነው ስልኩን ነው። ሃያዎቹ ውስጥ ያለው ልጅ ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ እየገፋ፣ አንዱንም ሳይጨርስ ያልፋል። ቲክቶክ ነው። አርባን የተሻገረው ሰውዬ ክንዱን ዘርግቶ ቅንድቡን ይሰበስብና የማያውቀውን ሰው ሊሰድብ ይዘጋጃል። ፌስቡክ። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች ቴሌግራም ላይ የጫማ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ሻጩም ዋጋውን ላለመናገር «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላቸዋል። ሰባን ያለፉት ደግሞ ስልኩን በሌባ ጣታቸው አንዴ ነካ ያደርጉና፣ ምጣድ የነኩ ይመስል ጣታቸውን ሰብስበው «እሱን የሚያውቀው ልጄ ነው» ይላሉ።

ይህን ሁሉ ታውቃለች። በኋላ «አላሰብኩትም ነበር» ልትል ስትሞክር አፏ እምቢ ያላትም ለዚህ ነው።

እናቷ ከደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋም ስልኳም የተሰበሩ ዕለት፣ ሐኪሙ «ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፤ ግን መጀመሪያ የደም ግፊቷ ይውረድ» አለ። እናትየው በጋሪ አልጋ እየተገፋች አንድ ነገር ብቻ አዘዘች።

«ለወንድሜ ንገሪልኝ። እሱን ሳላይ ቢላ እንዳያስነኩኝ።»

«እሺ እማዬ፤ ለሁሉም እነግራለሁ።»

አጎቷ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን አጠገብ ስለቆሙ ጆሯቸው ከሄደ ቆይቷል። ስልካቸው ባለ ቁልፍ፣ ከድምፁ ይልቅ ባትሪ መብራቱ የሚሻል ዓይነት ነው። ለሳቸው መደወል ማለት መጀመሪያ የራስን ስም መጮህ፣ ቀጥሎ ደህና መሆንን መጮህ፣ ከዚያ ጉዳዩን ሦስት ጊዜ መጮህ፣ በመጨረሻም «ምን ያስጮህሻል?» መባል ነው።

ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ፌስቡክ ላይ ጻፈች። «እናቴ ወድቃ ሆስፒታል ገብታለች። ወዳጅ ዘመድ እንዲያውቀው ነው።» እናቷ ስትስቅ የተነሳችውን ፎቶም አያይዛ ለቀቀችው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ሳትከት «አይዞሽ» መዝነብ ጀመረ። የሚያለቅሱ ፊቶች፣ ልቦች፣ «ምን ሆና ነው?» የሚሉ ከላይ የተጻፈውን ያላነበቡ ሰዎች። ሲመሽ ከሁለት መቶ አለፈ። አጎቷ የሚኖሩበት ግቢ የተከራየችው ሴት ሳትቀር የተጋጠሙ እጆች ላከች።

ጣቢያዋ እነዚያን እጆች ትኩር ብላ አየቻቸው። «በቃ» አለች ለራሷ። «እሷ ካወቀች ትነግራቸዋለች።» ወዲያው ትከሻዋ ላይ የነበረ ሸክም ቀለል አለላት። በኋላ እንቅልፍ የነሳትም ያ መቅለሉ ነው።

በማግስቱ ክፍሉ በጠያቂ ተሞላ። የመነጽር ቤቱ ባልደረቦቿ መጡ። አብረዋት የተማሩ መጡ። የእናቷን ስም እንኳ የማያውቅ አንድ የፍሬም አከፋፋይ ሙዝ ይዞ መጣ። እናትየው ሁሉንም በትሕትና እያመሰገነች፣ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው።

«ወንድሜስ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ይመጣሉ።»

ውሸቷ ለጊዜው ትንሽ ነበረች። ነገ እደውላለሁ ብላ ስለቆረጠች፣ እውነት ለመሆን አንድ ቀን ብቻ የቀራት ውሸት።

በነጋታው ኮሌጅ ያለችው ልጇ ደወለች።

«እማ፣ አያቴ መውደቋን ከሰው ልስማ?»

«ፌስቡክ ላይ አስቀምጬው የለም እንዴ!»

«ፌስቡክ? እዚያ ማን አለና? እናንተው ለእናንተው አይደል እንዴ የምትጻጻፉት? የክፍል ጓደኛዬ እናት አይታ ለልጇ ባትነግራት ኖሮ ቀርቶብኝ ነበር።»

«ይቅርታ የኔ ልጅ። ሩጫው በዝቶብኝ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ አጎቷ ትዝ አሏት። ለልጇ ያልደረሰ ወሬ ለሳቸው በየት በኩል ይደርሳል? ቁጥራቸውን ፈልጋ አወጣች። ደንበኛ ገባ፤ ሁለት ፍሬም አማርጦ አንዱንም ሳይገዛ ወጣ። ደንበኛው ከወጣ በኋላም አልደወለችም።

ቀናት በተቆጠሩ ቁጥር መደወሉ ከበደ። አሁን ብትደውል «መቼ ነው የወደቀችው?» ይሏታል። መልሱን አጎቷ ከሰሙት እናቷም ትሰማዋለች። እናትየው ደግሞ «ወንድሜስ?» ማለቷን ትታለች። በሩን ማየትም ትታለች።

«ኮርቶብኝ ነው» አለች አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጣሪያውን እያየች። «በልጅነቱ በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ። እሱስ ይሁን፤ እኩዮቼ ሁሉ ምን አደረግኳቸው? የሚመጣው ሁሉ ያንቺ ሰው ነው።»

«ይመጣሉ እማዬ። አሟቸው ይሆናል።»

«ቢያመው ያስነግር ነበር። አንቺ አልተነገረሽም፤ አይደል?»

«አልተነገረኝም» አለች ጣቢያዋ። በብዙ ቀን ውስጥ የተናገረችው የመጀመሪያ እውነት ይህ ነበር፤ እሱም ለውሸቷ ምሰሶ ሆነላት።

በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ገብቶ ግፊቱ መውረዱን፣ ቀዶ ጥገናውም በማግስቱ ጠዋት መሆኑን ተናገረ። እናትየው ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ ሲወጣ ወደ ልጇ ዞረች።

«ወንድሜን እንዳትጠሪብኝ። ከዚያ ክፍል በሕይወት ባልወጣም እንዳይመጣ።»

ጣቢያዋ «ውኃ ላምጣልሽ» ብላ ወጣች። ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ ግቢው ውስጥ የቆመ አምቡላንስ ጀርባ ሆና ደወለች። ሦስት ጊዜ ለመጮህ ትንፋሽ ስባ ነበር።

«ጋሼ፣ እማዬ ወድቃ ሆስፒታል ናት!»

«የት?» አሉ። በመጀመሪያው ሰሙ።

ሆስፒታሉን ነገረቻቸው።

«መቼ ነው የወደቀችው?»

«ዛሬ» አለች። እሱንም በመጀመሪያው ሰሙ። መጣሁ ብለው ዘጉት።

ሲደርሱ እያለከለኩ ነበር። ብርቱካን የያዘ ፌስታል በሁለት እጃቸው አቅፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እናትየው አየቻቸውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አሁን ገና መንገዱ ተከፈተልህ?»

«እንዴት ነሽ እታለም? ምን አገኘሽብኝ?»

«ስንት ቀን ሙሉ በር በር ሳይ!» ጮኸች። የጎን አልጋ ታማሚዋ መጽሔቷን አወረደች። «የወደቅኩ ዕለት ነው ልጄ የነገረችህ!»

አጎትየው ይህንንም ሰሙ። ቀስ ብለው ወደ ጣቢያዋ ዞሩ። እሷ ራስጌው ላይ ያሉትን ሁለት ጠርሙሶች ታስተካክላለች፤ ሁለት ጠርሙስ ብዙ የሚስተካከል ነገር የለውም።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ። «ነግራኛለች። እኔ ነኝ የዘገየሁት። ሥራ ይዞኝ።»

«ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ አለው?»

ሽማግሌው መዋሸት አያውቁበትም፤ አፋቸው ላይ የመጣውን ተናገሩ።

«ወንበር።»

«ወንበር?»

«ወንበር ስሠራ።»

«ከወንበር አሳነስከኝ!» አለች እናትየው። «ሂድልኝ። ሂድ፣ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ።»

ብርቱካኑን እግርጌዋ አስቀምጠው ወጡ። በጣቢያዋ በኩል ሲያልፉ ምንም አላሉም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

እናትየው እጇን ዘርግታ የልጇን እጅ ያዘች። «አየሽ? የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ደክመሻል፤ ተንከራተሽልኛል። ልጅ ይውጣልሽ።»

ያዘችው እጅ ላብ አለው።

«እማዬ፣ አልነገርኳቸውም ነበር።»

«ምኑን?»

«መውደቅሽን። ዛሬ ነው የደወልኩላቸው። ያን ጊዜ ፌስቡክ ላይ ጽፌው ነበር።»

«ወንድሜ ፌስቡክ አለው?»

«የላቸውም።»

«እንደሌለው ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እናትየው እጇን አላስለቀቀችም፤ መያዙን ብቻ ተወችው። «ሂጂ» አለች፤ «ወንድሜን መልሺልኝ።»

አጎቷን ያገኘቻቸው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ አንገታቸውን ስልካቸው ላይ በደፉ ወጣቶች መሃል ተቀምጠው ነው። አግዳሚው ላይ አንገቱ የቀና ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ነገርኳት!»

«እ?»

«እንዳልነገርኩዎት ነገርኳት!»

ሁለት ወጣቶች ቀና አሉ። አንዷ የአንድ ጆሮዋን ማዳመጫ አወጣች።

«ለእርስዎ መደወል ታክቶኝ ነው! ጉዳት አይመስለኝም ነበር! ስንፍና ነው!» ሰው እየሰማት መሆኑን አወቀች፤ ድምፅዋን ግን መቀነስ አትችልም።

«አባባ፣ ይቅርታ እየጠየቀችዎት ነው» አለች ባለማዳመጫዋ፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «እዚያው ክፍሉ ውስጥ ገብቶኛል። ያልገባኝ እኔ ለምን ወንበር እንዳልኩ ነው።» ከዚያ ተነሱ። «እሷ ምን አለች?»

«ይምጣ ብላለች።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። በእጃቸው እለፍ አሉት።

እናትየው ወንድሟን ስታይ አልጋው ጫፍ ላይ እንዲቀመጡ በእጇ አመለከተቻቸው። እሷ ኮታቸውን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ እሳቸው ብርቱካን ላጡ። ጣቢያዋ «ግቢ» ስላልተባለች ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከቆይታ በኋላ እናትየው፣ ሳታያት፣ ተናገረች።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን እማዬ?»

«ሌላ ያልተነገረው ማን አለ?»

ጣቢያዋ አሰበች። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ከእናቷ ጋር አንድ ማሽን የተጋሩት ሴት። አንድ ግቢ ውስጥ ልጅ ያሳደጉት የድሮ ጎረቤት። በየሳምንቱ ደውለው ሲስቁ የሚውሉት የሟች አባቷ እህት። ከሁለት መቶ በላይ «አይዞሽ» ውስጥ አንዳቸውም አልነበሩም። ሁሉም ሰባን ያለፉ ናቸው።

«ያንቺ ሰዎች» አለች። «ያንቺ ሰዎች ሁሉ።»

«ነገ ጠዋት ሊያስገቡኝ ነው። ቁጭ በይና ደውይ፤ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁሽ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና በእናቷ የፋብሪካ ጓደኛ ጀመረች። ስልኩ ብዙ ጠራ። በመጨረሻ የደከመ የሴት ድምፅ «ማነው?» አለ። ማን እንደሆነች ተናገረች፤ አልተሰማም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ የጎን ታማሚዋ መጽሔቷን እንደገና አወረደች።

«እማዬ ሆስፒታል ናት! ወድቃ ነው! ዳሌዋን!»

«ውይ! መቼ?» አለች አሮጊቷ።

ጣቢያዋ እናቷን አየቻት።

«ንገሪያታ» አለች እናትየው።