የረገበው ፒያኖ

ፒያኖ በመቃኘት የሸበተ ሰው ነው። ጆሮው አይጣል ነው፤ የጎረቤት በር ደወል ድምፁ ትንሽ ከሳተ እንኳ እህል አይወርድለትም። እንዲህ ላለው ሰው ፈጣሪ ምን ቢሰጠው ጥሩ ነው? የጃዝ ፒያኒስት ልጅ! ያውም ደህናውን ጃዝ በሆነ። እሷ የምትጫወተው ዜማው ጀመረ ሲሉት የሚቆመውን፣ ቆመ ሲሉት የሚንኳኳውን፣ ደንብ የሚባል ነገር የማያውቀውን ነው።

የመጀመሪያ አልበሟን የቀዳችው እዚሁ ሳሎን፣ በሟች እናቷ ፒያኖ ነው። ቃኚው ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ያንን ፒያኖ ነክቶት አያውቅም፤ አንጀቱ አልችል ብሎት። ክሮቹ በየዓመቱ እየረገቡ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ወደፈለገው ሄዷል። ልጅቷ የወደደችው ይህንኑ ነበር። ለአባቷ ግን አልነገረችውም፤ ይገባዋል ብላ።

ሸክላው ታትሞ ሲመጣ ለአባቷ ሰጠችውና ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ስትመለስ የአልበሙን ሁለተኛ ክፍል በዚያው ፒያኖ ልትቀዳ ነው።

ተቀምጦ አዳመጠ። አቤት ስቃይ! ሁለቱንም ገጽ እንደ ጥርስ ሕመም ቻለው። ይበልጥ ያንገበገበው ግን እፍረቱ ነው፤ የቃኚ ልጅ፣ በተበላሸ ፒያኖ! «እኔ ነኝ ቸል ብዬ ልጄን ያዋረድኳት» አለ። መቃኛውን ይዞ ተነሳና፣ እንባውን እየጠረገ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ አጠበቃቸው። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይሄኔ ነው።

ልጅቷ እንደመጣች፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታሳርፍ፣ «ነይማ ሞክሪው» አላት፤ ፊቱ በርቷል። ተቀመጠች። አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አባዬ፣ ምን አደረግከው?»

«ቃኘሁልሽ፣ የኔ እናት። ከእንግዲህ ማን ይስቅብሻል?»

«እማዬ ትታው እንደሄደች ነበር እኮ» አለች። «ብቻውን ያረጀው ድምፅ... እኔ የምጫወተው እሱን ነበር። የቀረውን በምን ልጫወት?»

ክው አለ። «ግዴለሽም፣ እመልሰዋለሁ» አለ ቶሎ ብሎ።

ሸክላውን አጫወቱ። ከመሐል አንዲት ክር መርጦ አላላት። ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ አጠበቀ። «አይ፣ አለፈች።» እንደገና አላላ። ዕድሜ ልኩን ልክ የሆነውን ሲያሳድድ የኖረ ጆሮ፣ ልክ ያልሆነውን ከየት ያምጣው? ያቺ ክር እንደዚያ ለመሆን ስንት ክረምት ፈጅቶባታል። እሱ በአንድ ከሰዓት ሊያስረጃት ይታገላል።

«እባክሽ አንዴ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ላብ አጠመቀው። «አንዴ ብቻ።» አሁንም ደገመችለት፤ ሳትቆጣ። ምነው በተቆጣችው!

በመጨረሻ ሸክላውን አቆመችው። «በቃ አባዬ፣ ተወው» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። «እሷንም ከሌሎቹ ጋር ቃኛት።»

መቃኛውን አንድ ጊዜ አዞረ። ክሯ ወዲያው ልክ ገባች። እጁን ጠላው።