ቀዩ ቆርኪ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልደባብቀውም። ሽሮ ሜዳ ባለው የሕፃናት ማቆያችን፣ የአራት ዓመቷን ሮሐን እጇን በእጄ ጨብጬ ሀሁ ያስጻፍኳት እኔ ደሳለች ነኝ። ኃላፊያችን ጽጌረዳ «በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚማረው በጨዋታ ነው፤ በእርሳስ አታስጨንቋቸው» እያለች አፏ እስኪደርቅ ነግራናለች። ግን ወላጅ ማታ ደብተር ይገልጣላ! ባዶ ካየ «ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» ነው። እኔ ደግሞ ንዝንዝ አልችልም፤ ቶሎ ይነደኛል። በቃ፣ በየቀኑ አንድ አንድ ገጽ እየሞላሁ ላክሁ።

አባቷ አቶ አጥናፉ ሸማ ሠሪ ነው። ቅዳሜ ዕለት ዘመድ ሰብስቦ «ልጄ ፊደል ቆጠረች» ብሎ እርሳስ ሰጣት። እቴ! የት ታውቀውና! እርሳሱን እንደያዘች ቀረች። ሰው ሳቀ፤ እሷ ጠረጴዛ ሥር ገብታ አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት በአንድ እጁ ልጁን፣ በአንድ እጁ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«እትዬ ደሳለች፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ» አልኩ። ምን ልበል? «ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።»

«በዘመድ ፊት አዋረዱኝ። እሱስ ይሁን። ልጄ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ትንፍሽ አላለችም። ዕቃዋን ይስጡኝ፤ የቤት ሥራ የሚሰጥ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ።»

እዚያማ ቀኑን ሙሉ እርሳስ ሊያስጨብጧት ነው! ሮሐን ደግሞ እንደ ልጄ ነው የምወዳት። ቦርሳዋን ሳዘጋጅ ሆን ብዬ ተንቀረፈፍኩ።

ሮሐ ከአባቷ እጅ አምልጣ ወደ ጥጓ ሄደች። የመጫወቻ ቆርኪውን ቅርጫት ገልብጣ እንደ ወትሮዋ መሬት ላይ መደርደር ጀመረች። «ትጫወት» ከማለት በቀር አንድም ቀን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። አባቷ ሊያስነሳት ጎንበስ አለና እዚያው ቀረ።

«ይሄን ማን አሳያት?»

«ምኑን?»

ተንበርክኮ በጣቱ ቆጠረ። ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቢጫ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ ሦስት ሰማያዊ። እንደገና ከዳር ጀመረ። «የእኔ ጥለት እኮ ነው! ይህን የክር ቆጠራ እስክለምድ እኔ ስንት ዱላ ቀምሻለሁ።»

«እኔማ መርፌ ላይ ክር ማስገባት የማልችል ሰው ነኝ» አልኩ። «እርስዎ ሲሠሩ አጠገብዎ ተቀምጣ አይታ ነዋ።»

መሐል ላይ አንድ ቀይ ቆርኪ ነበር። «እዚህ ጋ ቀይ የለም» ብሎ ሊያነሳው ሲል፣ ያቺ ትንፍሽ ያላለች ልጅ እጁን ያዘችው።

«ተወው አባዬ! እኔ ነኝ የጨመርኩት!»

እንባዬ መጣ። «አቶ አጥናፉ፣ ያን የውሸት ደብተር ይቅደዱት። በድያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እሷን ግን አይውሰዱብኝ።»

«ዛሬ ትዋል» ብቻ ብሎ ወጣ።

ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያመጣታል፤ ከሰላምታ ሌላ ቃል የለም። እኔም በየማታው «ነገ ይወስዳታል» እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ።

ዓርብ ሲመጣ ከብብቱ አዲስ ነጠላ አውጥቶ በሩ ላይ ዘረጋልኝ። ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቢጫ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ቀይ።

«ባለፈው ቅዳሜ የሳቁትን ዘመዶች በሙሉ ለነገ ጠርቻለሁ» አለኝ። «እርስዎም ይምጡ። ይህን ጥለት ማን እንዳወጣው ራሷ ትንገራቸው።»