ሠላሳ ስምንት ክዳን

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እማማ ልክ» ነው የሚላት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር የታተመበት ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላም አታውቅም። የምትለካው ከጥጥ በተገመደ ሲባጎ ነው። በየስንዝሩ ቋጠሮ አለው፤ አንዱ ቋጠሮ በቀይ ክር ታስሯል። በሲባጎ ብቻ አርባ ዓመት ሙሽራም ዳኛም አልብሳለች፤ ጠበበኝ ብሎ የተመለሰ የለም። ተምረናል የሚሉት ሰፊዎች ጨርቁን ውሃ ሳይነክሩ ቆርጠው፣ አንዴ ሲታጠብ ሱሪው ቁምጣ ሲሆንባቸው እሷ ትስቃለች። «ጨርቅና ወንድ ሳይነከር ልኩ አይታወቅም» ትላለች።

የምክር ቤቱ ምርጫ ሲደርስ አሮጌው ሲባጎ አልቆባት አዲስ ቋጥራ ነበር። ምርጫውን ከሌላው ሰው ይልቅ አጥብቃ የያዘችው በባሏ ምክንያት ነው። ባሏ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ በእግሩ ሲያደርስ ኖሮ፣ በስተርጅና ዓይኑ ከዳው፤ ዛሬ ጥላና ብርሃን ቢለይ ነው። ያም ሆኖ በየጠዋቱ በዱላው እየዳበሰ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ደጃፍ ሄዶ ቆሞ እስከ ምሳ ሲከራከር ይውል ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ከበራቸው ፊት ለፊት ካለው ክፍት ቦይ ወደቀ። እግሩ ዳነ፤ ልቡ አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነ። ለፀጉር አስተካካዩ የሚያቀርበውን ክርክር ሁሉ እሷ ላይ ያራግፈዋል። ሳያይ የክሩን ቀለም ያርማታል፤ ሳይሰፋ ስፌት ያስተምራታል። እሷም ቀን ቀን ከቤት የማይወጣ ባል የቤት ዕቃ ነው፣ ያውም የሚናገር፣ ትላለች። እንዲህ ትበል እንጂ፣ ጠዋት ጫማውን አድርጎ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ሲመለስ ስታየው የስፌት መኪናዋ ፔዳል ይከብዳታል።

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ሶፋ ነጋዴ ነው፤ አደባባዩ ላይ ቀለም የሚቀያይር ፏፏቴ አቆማለሁ ስላለ ሰፈሩ «ባለፏፏቴው» አለው። እማማ ልክ መንገድ ላይ አቁማ የቦዩን ነገር ብትጠይቀው፣ ሁሉም በዕቅዳችን ውስጥ ተካቷል ብሎ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሁለተኛው ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ጥፍሩ ውስጥ ዘይት የማይጠፋ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው። ለንግግሩ ቀን የሚለብሰው ኮት ስለሌለው ሊያሰፋ መጣ። እጁን ዘርግቶ ቆሞ ስትለካው ንግግሩን ይለማመድባት ጀመር፤ የሰፈሩን ቦዮች በሙሉ እናስከድናለን አለ።

«ለመሆኑ ስንት ክዳን ይፈጃል?» አለችው፣ ሲባጎውን ደረቱ ላይ እንዳጠበቀች።

«ልክ ነዎት እማማ፣ እሱ መታየት ያለበት ነው።»

«ልክ ነኝ ካልክ ልኩን ንገረኛ። ለኮትህ ልክ ይዘህ ቃልህን በግምት ከሰፋኸው፣ ኮቱ ካንተ ይሻላል።»

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን አልለቀቀችውም፤ ደጅ አወጣችው። ምክር ቤቱ በራፍ ላይ ያሉትን የቦይ ክዳኖች ቀደም ብላ በዚሁ ሲባጎ ለክታለች፤ ከሲባጎው ጫፍ እስከ ቀዩ ቋጠሮ ድረስ አንድ ክዳን ማለት ነው። ሲባጎውን ሰጥታ ከኔ በር እስከ ፀጉር አስተካካዩ በር ለካ አለችው። ተንበረከከ። ገና ሲጀምር ሲባጎው ከእጁ አምልጦ ቦዩ ውሃ ውስጥ ገባ፤ አውጥቶ አራገፈና ቀጠለ። ሰው ተሰበሰበ። ሊመረጥ ነው ወይስ ሊጸልይ እያሉ ተሳሳቁበት። እሱ ጉልበቱን እያሻሸ ቆጥሮ ጨረሰ፤ ሠላሳ ስምንት።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ሲጠያይቅ ውሎ ነበር። ቦዩን በሙሉ ማለቱ ውሸት እንደሆነ፣ ይህችን ሠላሳ ስምንት ግን ማስከደን እንደሚቻል፣ ከሷ በቀር ሌላ ቃል እንደማይገባ ነገራት። እማማ ልክ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ የዚህስ ቃል ትከሻው ልክ ነው አለች። ኮቱን ያን ዕለት ቆረጠችው፤ ጨርቁን እንደ ደንቧ ነክራ፣ አድርቃ፣ በሲባጎዋ ለክታ።

በንግግሩ ቀን ኮቱን ሲለብሰው አልገጥምም አለ። በሕይወቷ ያልገጠማት ነገር ነው። በምርጫ ሰሞን ሰው በየቤቱ ሲጋበዝ ይወፍራል፣ ትንፋሽህን ያዝ ብላ አዝራሩን በግድ ቆለፈችለት። ጠጋኙ ሰሞኑን የቀመሰው ነገር እንደሌለ ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ግን ትንፋሽ ያዝ ተብሏል።

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ ባለፏፏቴው የፏፏቴውን ሥዕል አቁሞ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ጠጋኙ ተነሣ። ትንፋሹን ሳበና «ሠላሳ ስምንት» ከማለቱ የደረቱ አዝራር ተፈናጥሮ የፏፏቴውን ሥዕል ጧ አደረገው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ደግሞ ሲሞክር፣ «ሠላሳ ስምንት» ሲል ደግሞ ሳቁ። በምርጫውም በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ።

እማማ ልክ ወፍሮ ነው እያለች ለመጣው ለሄደው አወራች። ባሏ ከወንበሩ ሆኖ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው ሲራመድ የሚሰማው ኮቴ የቀጭን ሰው ነው አላት። እሷም ድምፁን እንዳትሰማ መኪናዋን አጥብቃ ረገጠችው።

ሳቅ ግን የሳቁበትን አያስረሳም። ቁጥሩ ሰፈር ውስጥ ቀረ። ባለፏፏቴው በመንገድ ሲያልፍ «እሺ፣ ሠላሳ ስምንቱስ?» ይሉታል። ሶፋ ሊገዛ የገባ ሰው ዋጋ ሲነገረው በሠላሳ ስምንት አይሆንም ወይ ይላል። እማማ ልክም ሰኞ ሰኞ የሚዘመዘም ልብስ ይዛ ምክር ቤቱ ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች። አትጮህም፤ ባለፏፏቴው በሩን በከፈተ ቁጥር ሲባጎውን ጉልበቷ ላይ ታስተካክላለች። በአራተኛው ወር ሰውየው እጅ ሰጠ። ፏፏቴው ይቆይ ተባለና ክዳኖቹ በመኪና መጡ። ሠላሳ ስምንት፣ ተቆጥረው።

ሠራተኞቹ ከበሯ ጀምረው ደረደሩ። ጠጋኙም ሱቁን ዘግቶ እያገዘ ነበር። ሠላሳ ሰባተኛውን ሲያስቀምጡ ቦዩ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ አለቀ። አንድ ተረፈ። የሠራተኞቹ አለቃ የቆጠረው ሰው ተሳስቷል አለ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጥቶ፣ የተለካው በእማማ ልክ ሲባጎ ነው፣ የእሷ ልክ አይሳሳትም ብሎ ተቆጣ።

እማማ ልክ ጎንበስ ብላ ሲባጎውን የተረፈው ክዳን ላይ ዘረጋችው። ቀዩ ቋጠሮ ከክዳኑ ጫፍ አልደረሰም፤ አንድ ጣት አጠረ። ያን ጊዜ ገባት። አዲሱን ሲባጎ ሳትነክር ነው የቋጠረችው። ክዳኑንም የጠጋኙንም ደረት የለካችው በደረቁ ነው፤ ቦዩ የተለካው፣ ጨርቁም የተቆረጠው ሲባጎው ቦይ ገብቶ ከተኮማተረ በኋላ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቀና ስትል ጠጋኙ ሲባጎውን እያየ ነበር። ከዚያ እሷን አየ፤ ከዚያ ያኔ አዝራሩ የተፈናጠረበትን ደረቱን ዳበሰና ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ።

«ምን ያፈጣችኋል?» አለች ለሠራተኞቹ። «አንዱ መቀመጫ ነው። ያኔውኑ ቆጥሬዋለሁ። ሽማግሌ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ቆሞ ይከራከር?»

ክዳኑን ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ሁለት ድንጋይ ደግፈው አስቀመጡት። በማግስቱ ጠዋት ባሏ ጫማውን አድርጎ ደጃፍ ድረስ መጣ። ቆመ። በዱላው የመጀመሪያውን ክዳን መታ፣ ሁለተኛውን መታ፤ እየቆጠረ ሄደ። እሷ መርፌዋን እንደያዘች ከበሩ ሆና አብራው ቆጠረች። ሠላሳ ሰባት ላይ ዱላው መቀመጫውን አገኘ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ክዳኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ሠላሳ ስምንት» አለ። «ልክ ነው።»

ኋላ ጠጋኙ በሯ ላይ ሲያልፍ ጠራችው። ኮቱን ነገ ይዘህ ና፣ የስፌቱን ትርፍ እለቅልሃለሁ፣ ሒሳብም የለውም አለችው።

«ወፍሬ ነው አይደል፣ እማማ?»

«እንግዲህ የሚቀጥለው ምርጫ ሲደርስ ትወፍር ይሆናላ፣ ልጄ። ለዚያ ነው።»

ጠጋኙ እየሳቀ ሄደ። እሷ ወደ ውስጥ ገብታ የሲባጎውን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ፈታች፤ ሳህን ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ አውጥታ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። እስኪደርቅ ለመቁረጥ አልቸኮለችም። ቤቱ ጭር ብሏል። ማንም ቀለም አያርማትም። ከወዲያ ከፀጉር አስተካካዩ በር ባሏ ሰውን ሁሉ ሲያርም ይሰማታል፤ መኪናዋን ከድምፁ በላይ እንዳይጮህ ቀስ እያለች ረገጠችው።