የሠላሳ ሰከንድ ትዕግሥት

ያቺን ቁጥር የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም።

ሰኞ ዕለት የሕክምና ኮሌጃችን የምዝገባ ገጽ ተጨናንቆ ቀጥ አለ። ሰዉ ከፍቶት ይቀመጣል፤ አይልክ፣ አይወጣ። ሰርቨሩ አንዱን ተመዝጋቢ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚወስነውን ቁጥር ከአሥር ደቂቃ ወደ ሠላሳ ሰከንድ አወረድኩት። እዚያው ዋና ከተማችን ቢሽኬክ፣ ከቢሮዬ ሆኜ ሞከርኩት፤ የማመልከቻው ፋይል በአራት ሰከንድ ገባ።

«ገጠር ያሉትስ?» አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ አይዛዳ።

«በሠላሳ ሰከንድ ያልላከ ተኝቷል ማለት ነው። እየዞርኩ ልቀስቅስ?»

ሳቀች። ገጹም መፍጠን ጀመረ። አለቃችን በሰው ፊት አመሰገነኝና ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

የወንድሜ ልጅ ቡሩል የምትኖረው ሩቅ ገጠር፣ ናሪን ተራሮች ሥር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ እንዳለች ናት። አባቷ የሰጣት ይህን ዓመት ብቻ ነው፤ ካልሆነ ከአክስቷ ጋር ሞስኮ ሄዳ የሰው ቤት ልትወለውል ነው። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ምዝገባ ሲደርስ ለዘመዶቼ የምለው አለኝ፦ «እንዳትደውሉልኝ። በዘመድ ያስገባል እንዳልባል።»

ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ምዝገባው ተዘጋ። ከተመዘገቡት መሐል ስሟን ፈለግሁ፤ የለም። ከተቋረጡት መሐል ግን አገኘሁት። አርባ ሦስት ጊዜ ሞክራለች፤ አርባ ሦስቱም ሠላሳኛው ሰከንድ ላይ ተቆርጠዋል። ደወልኩላት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባይኬ፣» አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ «እንዳትደውሉ ብለው የለ? ደግሞ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነው። ኔትወርክ ያለው ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው፤ ሦስት ቀን እዚያው ዋልኩ። ፋይሉ ግማሽ ሲደርስ ይቆረጣል። ስልኩን እያነቃነቅሁት መስሎኝ ትንፋሼን ሁሉ ይዤ ነበር።»

አለቃዬ ዘንድ ሮጥኩ። «ስህተቱ የኔ ነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይከፈት» አልኩት።

«ለማን?»

«ለ... ለወንድሜ ልጅ። ሌሎችም አሉ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «አንተም? እኔ እኮ በአንተ ነበር የምምለው። የተዘጋ ተዘጋ።»

ተመልሼ ሠላሳዋን አጠፋሁና ስድስት መቶ ሰከንድ፣ የቀድሞዋን አሥር ደቂቃ ጻፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በማግስቱ ቡሩል ራሷ ደወለች። «ባይኬ፣ እኔን ብለው አይዘኑ። የሞስኮው አውቶቡስ እሑድ ነው። ቢሽኬክ ላይ ይቆማል። መናኸሪያ መጥተው ይጠብቁኛል?»

እጠብቅሻለሁ አልኳት። ያቺን ሠላሳ ማን እንደጻፋት ግን እስካሁን አልነገርኳትም።