ቆጣሪው ያላየው መንገድ

የዳቦ ቤቱ መኪና ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። የሚነዳት ባልየው መስታወቱን በጣቱ ቢኮረኩመውም ቁጥሮቹ ንቅንቅ አላሉም። እስከ ዛሬ ግን ማንንም አላስቸገረም። መኪናዋ ትነሳለች፣ ዳቦ ታደርሳለች፣ ትመለሳለች፤ ምን ያህል እንደሄደች የሚጠይቅ አልነበረም።

ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ጥያቄው መጣ።

«የታይሚንግ ቺንጋው፣ ይሄ የሞተሩ ቀበቶ፣ መቼ ነው የተቀየረው?» አለ መካኒኩ፣ ኮፈኑ ሥር አንገቱን እንደቀበረ። ሰዎች ቀጮ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ቦርጩን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

«ቆጣሪው በቆመበት ሰሞን» አለች ሚስትየዋ። ዳቦውን የምትጋግረው እሷ ናት፤ ቅንድቧ ላይ አሁንም ዱቄት አለ። «ምነው፣ አርጅቷል?»

«አይታወቅም፣ እትዬ። ጎማ ሲያልቅ መላጣ ይሆናል፣ ያዩታል። ይሄ ግን መልኩ ደህና እንደሆነ አንድ ቀን ብጥስ ነው። ያኔ ፒስቶኑና ቫልቩ ይጋጩና ሞተሩ አለቀለት። ስለዚህ በሄደበት መንገድ ልክ ነው የሚቀየረው። ስንት ሄዳችኋል?»

ሚስትየዋ ፊቷ በራ። ሒሳብ ትወዳለች። አቧራ በጠጣው የመኪናዋ መስኮት ላይ በጣቷ መጻፍ ጀመረች። «ከዳቦ ቤት ገበያው፣ ከገበያው ሆስፒታሉ፣ ከዚያ ድልድዩ ጋ ያሉት ሱቆች፣ ከዚያ ቤት...»

ባልየው ደጃፉ ላይ የተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሒሳቡ ስህተት መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ከድልድዩ ወደ ቤት አይመለስም። በየጠዋቱ የመጨረሻውን ቅርጫት ካወረደ በኋላ ኮረብታውን ወጥቶ ከተማው ጫፍ ድረስ ይነዳል። እዚያ የሚስቱ ታላቅ እህት በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ጉልበቷ ካስቸገራት ወዲህ የአውቶቡስ ግፊያ አልቻለችም፤ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች በእናታቸው ቁም ሣጥን የተነሳ ተኮራርፈዋል። ቁም ሣጥኑ ለጎረቤት ተሰጥቶ አልቋል፣ ኩርፊያው ግን አለ። ሚስቱ ያኔ «የሷን ቤት የረገጠ የኔን ቤት አይረግጥም» ብላ ነበር። ባልየው ቃሏን አክብሯል። የእህትየዋን ቤት ረግጦ አያውቅም፤ በር ላይ ነው የሚያቆመው።

እህትየዋም ከፊት ተቀምጣ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ ትጠይቃለች፦ «ወገቧ እንዴት ሆነ? አሁንም በሌሊት ነው የምትነሳው?»

«በቃ!» አለች ሚስትየዋ ከመስኮቱ ዘወር ብላ። «እስከሚመጣው ዓመት ያደርሰናል። ቀጮ፣ ክደነው።»

«አሁን ይቀየር» አለ ባልየው።

«ምን አልክ?»

«ይቀየር።»

«አንተ? ጫማህ አፉን ከፍቶ ሲያዋራህ በሽቦ የሰፋኸው ሰውዬ?»

«ለጥንቃቄ ነው።»

«ጥንቃቄ ከመቼ ወዲህ? ቀጮ፣ እባክህ የዚህንም ሰውዬ ኮፈን ክፈትና እይልኝ፤ የሆነ ነገር ሳይበጠስበት አይቀርም።»

ቀጮ ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «ጋሼ፣ የእትዬ ሒሳብ ልክ ከሆነ እኮ ገና ነው።»

ባልየው መኪናዋን አያት። ዝም ማለት ይችላል። ግን ዳቦ ቤቱ ከሷ በቀር እግር የለውም። ሞተሩ ከሞተ ሌላ መኪና ከየት ይመጣል? ሚስቱም ዕድሜዋን ሙሉ «የኔ ሒሳብ ነው የገደላት» ስትል ልትኖር ነው። ቢናገር ደግሞ ለስንት ቀን እንደምትዘጋው እንጃ።

«ሒሳቡ ልክ አይደለም» አለ።

«እኔ መደመር ልሳት?»

«መደመሩ ልክ ነው። መንገዱ ነው የጎደለው።»

ከዚያም በሽቦ የተሰፋ ጫማውን እያየ ነገራት። ስለ ኮረብታው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ እህቷ ጉልበት። ቀጮ ድንገት ሩቁ ጥግ ላይ የሚፈልገው መፍቻ ትዝ አለው።

«በየቀኑ?» አለች ሚስትየዋ።

«እሁድ አልሄድም።»

«ሲዘንብስ?»

«ሲዘንብማ እንዴት ትቀራለች።»

ሚስትየዋ የጻፈችውን በመዳፏ ጠረገችና እንደገና ጀመረች። አሁን ኮረብታውን ጨመረች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ደመረች፣ ደመረች፣ ከዚያ ጣቷ መስኮቱ ላይ ቆመ።

«ያንተ ያለህ! ይሄ ቺንጋ እኮ አምና መቀየር ነበረበት!» ወደ ባሏ ዞረች። «በዚህ ነው እሷን ኮረብታ ስታወጣት የከረምከው? መሀል ዳገት ላይ ቢበጠስስ ኖሮ? በዚያ ጉልበቷ በእግሯ ልትወርድ? ምን ዓይነት ሰው ነህ? ቀጮ! ና ፍታው!»

ቀጮ እየሮጠ መጣ። ዕቃው እስኪገኝ፣ የውሃ ፓምፑም አብሮ እስኪታይ፣ ከነገ ወዲያ ይደርሳል አለ።

«ዳቦውን የጎረቤታችን መኪና ያደርስልናል» አለች። ባልየው ግን ያሰበው ከተማው ጫፍ ያለውን በር ነው። ነገ ጠዋት አንዲት ሴት ቦርሳዋን ይዛ በሯ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች።

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ደወለ። «ልንገራት።»

ሚስትየዋ ከእጁ ወሰደችው። ስክሪኑ ላይ የእህቷ ስም ሳይሆን «ዱቄት አቅራቢ» ይላል።

«ዱቄት አቅራቢ!» አለች። «ጉንፋን ይዞህ ስትተኛ በቀን ሁለቴ የደወለው ይሄ ነው? እኔ ደግሞ እንዲህም አዛኝ ነጋዴ አለ ብዬ ስመርቀው!»

ባልየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ስልኩ ግን ይጠራ ጀምሯል።

«አቤት ወንድሜ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

 የሚስትየዋ አውራ ጣት ስልኩን የሚዘጋው ቀይ ምልክት አጠገብ ሄዶ ተመለሰ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ነገ መኪናዋ አትመጣም። ቆመሽ እንዳትጠብቂ ልልሽ ነው። ቺንጋው ሊቀየር ነው።»

«የምኑ ቺንጋ?» አለች እህትየዋ በቀጭን ድምፅ።

«የሞተሩ ነዋ።»

«እኔ እኮ ነግሬዋለሁ፣ የሆነ ድምፅ ይሰማል ብዬ።»

«ቺንጋ ድምፅ የለውም፣ እታለም። ድንገት ነው የሚበጠሰው።»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ ስልሽ!»

«አንቺ ድሮም ያልተባለ ትሰሚያለሽ!»

ባልየው ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ሚስቱ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ባሏ የተነሳበት ጎማ ላይ ሄዳ ተቀምጣለች።

«እሺ ይሁን፣ ሰምተሻል» አለች። «ጉልበትሽን ምን አሉሽ? ... ማን ነው ያየሽ? ... እሱ ምን ያውቃል!»

ቀጮ መፍቻውን ብሎኑ ላይ አጥብቆ በመዶሻ መታው፤ ጋራዡ ጮኸ።

«ኧረ ተዉ፣ አይሰማኝም!» አለች ሚስትየዋ፣ ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ።

ቀጮ መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሁለቱ ወንዶች ኮፈኑ ሥር ሥራ ፈትተው ቆሙ።