መስቀሉን አይንኩት

መስቀል ሲሳለሙ አይታ የምትናደድ ሰው አለች ቢሏት ወንጌላዊት አታምንም ነበር። ያቺ ሰው ራሷ ሆና የተገኘችው በአንድ ማክሰኞ፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ደብር ደጀ ሰላም ውስጥ ነው።

ሥራዋ ለሚያየው ቀላል ነው። ጥንታዊውን ዕቃ በቀስታ በምትዞር ትንሽ ሰሌዳ ላይ ታቆማለች፤ መሣሪያው ብርሃን እየረጨ ዙሪያውን ይቀርጸዋል፤ ከዚያ ያው ዕቃ ኮምፒውተሯ ውስጥ ከነጀርባው ከነጎኑ እያገላበጡ የሚያዩት ሆኖ ይወጣል። አንድ ሕግ አለው፤ ዙሩ እስኪያልቅ ዕቃው ቅንጣት መነቃነቅ የለበትም። ከተነቃነቀ ጉድ ይመጣል። ባለፈው ወር የቀረጸችው ጸናጽል ሁለት እጀታ አውጥቶ ቁጭ አለ። አለቃዋ አቶ ሕዝቅኤልም እንዲህ ያለ ከደገምሽ ወደ ሹም አቦሽ ትመለሻለሽ አሏት፤ ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር የመታወቂያ ፎቶ ታነሣባት የነበረች ጠባብ ቤት አለች። መሣሪያው የውሰት ነው፤ ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ዛሬ መስቀሉ ሙሉ ሆኖ ካልተቀረጸ እንጀራዋ ተቋረጠ ማለት ነው።

የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ጥዑመ ልሳን ናቸው። ማክሰኞን የመረጡላትም እሳቸው፤ በማክሰኞ የሚመጣ የለም ብለው። እንግዳ አክባሪ ሰው ናቸውና ሰኞን ሙሉ ያን የብር የእጅ መስቀል በሎሚና በአመድ ሲፈትጉ ውለው መስተዋት አስመስለውታል። የወንጌላዊት መሣሪያ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው የሚያብረቀርቅ ነገር ነው፤ ብርሃኑ ይነጥርበትና ዕቃው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መስቀሉን በመቆሚያው ላይ ካቆመችው በኋላ የማይጎዳ፣ በጨርቅ የሚጠረግ ነጭ ዱቄት ነፋችበት። አባ ቆመው አዩ።

"እኔ ሙሽራ አደረግሁት፤ አንቺ ወፍጮ ቤት ያደረ አስመሰልሽው" አሉ።

ሰሌዳዋ መዞር ጀመረች። ግማሽ ሳትደርስ አባ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። ክፋት የላቸውም፤ ዕድሜ ልኩን መስቀል ባየ ቁጥር የሚጎነበስ አንገት ባለቤቱን አያማክርም። ወንጌላዊት እንደገና ዱቄት ነፋች፤ አይንኩት ብላም ለመነቻቸው። አባም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

ያን ጊዜ እማማ ፀሐይወርቅ ገቡ። ጠበል ሊቀዱ የመጡ የመንደሩ ባልቴት ናቸው። መስቀል ቆሞ እያዩ ሊያልፉ ኖሯል? ግንባራቸውን አስነኩ፣ ሳሙ፣ መርቀው ወጡ። ግንባራቸው መንጣቱን ማንም አልነገራቸውም፤ ጠበሉ ዘንድ ያገኟቸው ሴቶች ግን አዩ። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው ግንባሩ ነጥቶ ሲታይ ዱቄት ነው የሚል ምእመን የት ይገኛል? እምነት ነው፤ ለበሽተኛ የሚቀባው የተባረከ አመድ ነው። በዚያ ደብር እምነት ታድሎ አያውቅም ነበርና ወሬው ከታንኳ ታንኳ ዘለለ።

እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ ከደጀ ሰላሙ ተነሥቶ ሐይቁ ዳር እስካለው ደንገል ድረስ ወርዷል። የታመመ አለ፤ ሳልታመም ልቅደም ያለ አለ፤ ለጎረቤቴ ብሎ ፌስታል የያዘም አለ። ወንጌላዊት ስትነፋ እነሱ ሲሳለሙ፣ እነሱ ሲሳለሙ እሷ ስትነፋ ዱቄቷ ተሟጠጠ። ተናደደች። ደግሞ ማንን ትቆጣለች? መስቀል አትሳለሙ ይባላል? አባን ወደ ጎን ወስዳ እርስዎ ይንገሩልኝ አለቻቸው።

አባ መዋሸት አያውቁበትም። ወጥተው፣ ይህ እምነት አይደለም፣ ከአዲስ አበባ በካርቶን የመጣ ዱቄት ነው ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ለሁለተኛ ጊዜ የተሰለፉት እማማ ፀሐይወርቅ ጠየቁ።

"መስቀሉን ነክቶ የለም ወይ አባ?"

"ነክቷል።"

"እንግዲያ ምን ቀረው?"

መስቀል የነካው ሁሉ ይባረካል ብለው ያስተማሯቸው ራሳቸው አባ ናቸው። ተመልሰው ገቡና "ተረታሁ ልጄ" አሏት።

ወንጌላዊት ዕንባዋ መጣ። የቀራት ዱቄት ለአንድ ጊዜ ብቻ እንደሚበቃ፣ ሥራዋም በዚሁ እንደሚያከትም ነገረቻቸው። አባም ጥቂት አሰቡና፣ በጸሎት መካከል ከቦታው የሚነቃነቅ የለም፣ እኔ ስጀምር ጀምሪ፣ ስትጨርሺ እጅሽን አንሺ አሏት።

ደጃፉ ላይ ቆመው ለጸሎት እንቁም ሲሉ ሰልፉ ነጠላውን አስተካክሎ ቀጥ አለ። ለየዕለቱ ተከፍሎ ከሚደርሰው ጸሎት የማክሰኞውን እያዘገሙ አደረሱ። ዞር ብለው አዩ፤ እጅ የለም። ወደ ረቡዑ ተሻገሩ። እማማ ፀሐይወርቅ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። አሁንም እጅ የለም። ሐሙስ ላይ የአባ ድምፅ ሻከረ፤ ከሰልፉም ሳል በዛ። ዐርብን እንደጀመሩ የወንጌላዊት እጅ ተነሣ፤ አባም ዐርብን ከወገቡ ቆርጠው ሕዝቡን በሰላም አሰናበቱ።

"ነገ ምን ሊያደርሱ ነው አባ?" አሉ እማማ ፀሐይወርቅ።

"የተረፈኝን" አሉ አባ።

ወንጌላዊት ምስሉን ላከች፤ አቶ ሕዝቅኤል ወዲያው ደወሉ። ዕቃው አሁንም ተነቃንቋል፣ ከታች አንዱ ጥግ ደኅና ሆኖ ሌላው እንደ ሳሙና ሟሙቷል፣ ይሄ ሥራ አይባልም አሉ። ዱቄት የለም፤ የሚመልሳት ጀልባም ሊነሣ ነው። ስልኩን ሳትዘጋ፣ ዱቄቱን ጠርገው ወደጨረሱት አባ ሄዳ የመስቀሉን ታች እንዲያሳዩዋት ለመነች። አንዱ ጥግ እውነትም ሟሙቷል፤ ብሩ እዚያ ጋ ሳስቷል።

"ይሄ ጥግ ምን ሆኖ ነው አባ?"

"ላዩ ለግንባር፣ ታቹ ለከንፈር ነው" አሉ አባ። "በቀኜ ስይዘው ሰው ሁሉ በዚች ጥግ ይስመዋል። ከእኔ በፊት የነበሩትም በቀኛቸው ነው የያዙት። እኔም ስረከበው እንዲሁ ሆኖ አገኘሁት።"

ወንጌላዊት አፈረች። ከጠዋት ጀምሮ እነዚያን ከንፈሮች እንደ ዝንብ ስታባርር ነው የዋለችው።

"አልተነቃነቀም ጋሼ" አለች በስልኩ። "ሰው ስሞት ነው።"

አቶ ሕዝቅኤል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያችን ጥግ እስቲ ቀረብ አድርገሽ ላኪልኝ አሏት።

አባ መስቀሉን በጨርቁ ሊጠቀልሉ ጀምረው ተዉት። በዚያ ቀን ደጀ ሰላሙን ከረገጠ ሰው ያልተሳለመ አንድ ብቻ ነበር። መስቀሉን በቀኛቸው ዘረጉላት። ወንጌላዊት ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ከንፈሯም ያችኑ ጥግ አገኘ።